እመት ማን አዘዘው እና የቆሽት አዛዦች

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ መልስ የማያጠግበው አንድ ሰው አይጠፋም። ውኃ ጠፋ ስትሉት «ማን ዘጋው?» ይላል። እገሌ ዘጋው ስትሉት «እገሌንስ ማን አዘዘው?» ይላል። ያዘዘውን ስትነግሩት ደግሞ ያንን ያዘዘውን ይጠይቃችኋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ጥቂት ቀን አርፌ እመለሳለሁ። የእኛዋ የሟች ወንድሜ ሚስት ናት። ማዕረጓ ክብርት እመት ማን አዘዘው ነው። ማዕረጉን የሰጠናት እኛ ነን፤ እሷ ግን ስሙን ማን እንዳወጣው እስካሁን በማጣራት ላይ ናት።

ነገሩ የጀመራት በልጅነቷ ነው። እናቷ ገና ወጣት ሳለች ውኃ አልጠግብ አለች። ጆጉን ጨልጣ ሳታስቀምጠው ይጠማታል፤ እየበላች ትከሳለች። አንድ ክረምት ተኝታ ሳትነሣ ቀረች። ለሐዘን የተቀመጡት ትልልቅ ሴቶች ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው «ምን ይደረግ፣ የታዘዘ ነው» ተባባሉ። ትንሽ ወንድሟን ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ «ማን አዘዘው?» አለች። አንዲት አክስቷ በጥፊ አለቻት። ጥፊው ጉንጯን አቀላው እንጂ ጥያቄውን ከአፏ አላወጣውም።

ከዚያ በኋላ ለወንድሟ እናትም አባትም ሆነች። የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች አበላችው፣ አስተማረችው። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ታጨች። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ግን «በዘራቸው በሽታ አለ» የሚል ወሬ ሰምተው መጥተው ቀለበታቸውን አስመለሱ። ያን ጊዜ ማን አዘዘው ብላ አልጠየቀችም። ያዘዘችውን ሴትዮ ታውቃት ነበር።

የኔ ወንድም ስለ ዘሯ አንድም ነገር ሳይጠይቅ አገባት። የቀረውን ዕድሜውን ሲጠየቅ ኖረ። «ይሄን ሸሚዝ ግዛ ያለህ ማነው?» «ራሴ ነኝ።» «ራስህንስ ማን አለው?» ወንድሜ የዋህ ሰው ነበር፤ ጥያቄው እስኪያልቅ ሸሚዙን እጁ ላይ አንጠልጥሎ ይቆማል።

የሠራችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ የስልክ ማዞሪያ ላይ። በዚያ ዘመን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ለመነጋገር በማዞሪያዋ በኩል ማለፍ ግድ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች «ማን ልበል?» ብለው ያገናኛሉ። እመት «ማን ልበል?» ካለች በኋላ «ስለ ምን ልበል?» ትላለች። እሱን ሲነግሯት «ይሄን የሚሉት ከራስዎ ነው ወይስ ታዘው ነው?» ትጨምራለች። ሥራ አስኪያጁ ከመጋዘኑ ጋር ለመነጋገር ደረጃውን በእግሩ መውረድ እንደሚቀለው ደረሰበት። ቦርጩ ጠፋ። ጡረታ ስትወጣ ባደረገው ንግግር ስለ ጤናው አመስግኗታል።

ጡረታው ግን ለእሷ ዕረፍት አልሆነም። አንድ ጊዜ የሰፈራችን ውኃ ተቋረጠ። እኛ ባልዲያችንን ይዘን ስናማርር፣ እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የዘጋውን ሰው ፍለጋ ወጣች። ቧንቧ ሠራተኛው ተቆጣጣሪው አዞኝ ነው አላት። ተቆጣጣሪው ኃላፊው ነው አላት። ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ «እናቴ፣ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» አላት። እመት ጣራውን አንጋጣ አየችና «ከላይ ያለው ማነው?» ብላ ደረጃውን ወጣች። ላይ ያሉት ሒሳብ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሻይ እየጠጡ ነው፤ ስለ ውኃ የሰሙት ነገር የለም። ከዚያ በላይ ጣራ ነው፤ ጣራው ላይ ዘበኛው ሸሚዙን ያሰጣል። ወርዳ ይህንኑ ለኃላፊው ነገረችው። ሲጣራ ለካ ማንም አላዘዘም፤ እያንዳንዱ ሌላው ያዘዘ መስሎት ነው። ውኃው ተለቀቀ። እኛም ስሟን በዚያው አጸደቅንላት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ያ ቁልፍ እየተከለች ያሳደገችው ወንድሟ አናጺ ሆኗል፤ ጭምት፣ ቀጭን፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው። ሦስት ሴት ልጆች አሉት። የመጀመሪያዋ የክሬን ኦፕሬተር ናት፤ ሰማይ ላይ ስለምትውል ወፊት እንላታለን። እኔ ዕድሜዬን በግንበኝነት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ብዙ ክሬን ነጂ አይቻለሁ። ይህቺ ልጅ አንድ ቶን ብረት አውርዳ ስታስቀምጥ ከሥሩ ያለው አቧራ እንኳ አይነሣም። የምትሠራበት ሕንፃ ከመስኮቴ ይታያል። ከቁርስ በኋላ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሬ እሷን ማየት ልማዴ ነበር።

አንድ ወቅት ልጅቷ ከሳች። ውኃ፣ ውኃ ማለት ጀመረች። ሐኪም ቤት ሄደች፤ ስኳር ነው አሏት። ሐኪሙ «ከቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አባቷ ቀደም ብሎ «በዘራችን የሚባል ነገር የለም» አለ። ወጣት ናት፣ ቀጭን ናት፣ በዘሯም የለም፤ እንግዲያው ቆሽቷ ኢንሱሊን መሥራት ያቆመባት ዓይነት ነው ተባለና መርፌ ታዘዘላት። ሐኪሙ አልተሳሳተም፤ የተነገረውን ይዞ ነው።

መርፌው ስኳሯን አወረደው። አንድ ቀን ግን ከልክ በላይ አወረደው፤ እዚያ ላይ፣ ክሬኑ ውስጥ፣ ብረቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ። ዓይኗ ብዥ አለ። እንደምንም ሸክሙን በደህና አስቀመጠችና በሬዲዮ «መውረድ አልችልም» አለች። ሰው ወጥቶ አወረዳት። ድርጅቱ መርፌ እየወሰደች ክሬን መውጣት እንደማትችል ነግሮ በር ላይ አቆማት። ሥራዋ የሚገባው ሰው ሁሉ የራስ ቁር ማድረጉን ማየት ነው። ሰዉ የራስ ቁሩን እያሳየ ያልፋል፤ እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ሌላ ሰው ክሬኗን ሲነዳ ታያለች። ወንበሬን ከመስኮቱ አነሣሁት።

እመት ማን አዘዘው ሥራዋን የጀመረችው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ገብስማ ከሆነ በኋላ፣ ያለ አስተማሪ ነው። ብቻውን የተማረ ሰው ደግሞ ሲጠይቁት ደስ ይለዋል። ስለ ሰው አካል የሚናገር መጽሐፍ ስላለኝ መነጽሬን አድርጌ በእርጋታ ገለጽኩላት፦ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ያስገባል፤ ኢንሱሊን ሲያንስ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል።

«ደህና። ቆሽትንስ ማን አዘዘው?»

ገጹን ገለጥኩ። መጽሐፉ ወደ ጉበት አልፏል። በሕይወቴ መጽሐፍ ከድቶኝ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ቸኩሏል» አለችኝ። የራሴን ቆሽት አሳረረችው።

ቀጥላ ወደ ዘመድ ዞረች። የእናቷ ታናሽ ወንድም ያረፈ ሰሞን ሐዘን ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ሬሳው ሳይወጣ፣ ወደ ሟች ሚስት ጠጋ ብላ «ስኳሩ በስንት ዓመቱ ነበር የጀመረው?» አለቻት።

«ስኳር? የምን ስኳር? አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ እንኳ ዝም በይ!» አለ አንዱ።

«ከቀበራችሁት በኋላ ማንን ልጠይቅ?» አለች። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የሟች ሚስት ግን ጓዳ ጠርታት በሹክሹክታ «ገና ጎረምሳ ሳለ ነው፤ ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ ሴት ልጅ አለችኝ» አለቻት።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሰው የሚደብቀው ወርቁን ብቻ አይደለም። ስኳሩንም ይደብቃል፤ ልጁን የሚያገባ እንዳይጠፋ።

ይህን ይዛ ወፊትንና አባቷን እየነዳች አንዲት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ለክብሩ እንዲሆን እኔም ሙሉ ልብሴን ለብሼ ተከተልኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ይዛዋለች። ወፊትን ከመረመረች በኋላ «ጥያቄ ያለው?» ስትል ውስጤ «ምነው ይሄን ባላልሽ» አለ።

«የኔ ልጅ፣» አለች እመት ወንበሯን ወደፊት ስባ፣ «ቆሽትን ኢንሱሊን ሥራ ብሎ ያዘዘው ማነው?»

ሐኪሟ እርሳሱን ከፀጉሯ መዘዘች። ዓይኗ በራ። ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ትመስል ነበር።

«እማማ፣ በሰውነትዎ ያለው እያንዳንዱ ሕዋስ ሙሉውን መመሪያ ይዟል። ኢንሱሊን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው ጽሑፍ ዓይንዎ ውስጥም አለ።»

«ዓይኔ ኢንሱሊን መሥራት ያውቃል?»

«ጽሑፉ አለው። ገጹ ግን ዝግ ነው፤ የሚከፍትለት የለም።»

«ቆሽት ውስጥ ማን ይከፍተዋል?»

«ልዩ ፕሮቲኖች አሉ። ቆሽት ላይ ቤታ የሚባሉት ሕዋሳት ውስጥ ገብተው ከኢንሱሊኑ ጽሑፍ ራስጌ ላይ ይቀመጡና ‹ይሄ ይገልበጥ› ብለው ያዝዛሉ። ግልባጩ ጽሑፉ ካለበት ክፍል ይወጣል። ውጭ ያሉት ሠራተኞች በግልባጩ መሠረት ኢንሱሊኑን ይሠራሉ።»

«ዋናውስ?»

«ዋናው ከክፍሉ አይወጣም።»

እመት ወደ እኔ ዞራ «ፋብሪካችን እንዲህ ቢሠራ ኖሮ አይዘጋም ነበር» አለችኝ። ተመልሳም «አዛዦቹ ስም አላቸው?»

«አላቸው። አንዱ ፒ ዲ ኤክስ አንድ ይባላል። አንዱ ማፍ ኤ።»

«ይሄ ስም ነው ወይስ ታርጋ?»

ወፊት ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

«አንዱ ብቻውን ያዝዛል?»

«ብቻውን አይሆንለትም። ብዙ ሆነው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ግልባጩ በደንብ የሚወጣው። ደም ውስጥ ስኳር ሲጨምር ደግሞ ትእዛዙ ይበረታል።»

«ጥሩ። ፒ ዲ የምትይውንስ ማን አዘዘው?»

«እሱም የተሠራው ከራሱ ጽሑፍ ነው። ያንን ጽሑፍ የሚያስገለብጡ ሌሎች አሉ። ኤች ኤን ኤፍ የሚባሉ።»

«እነሱንስ?»

እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ። ቧንቧ ሠራተኛው፣ ተቆጣጣሪው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ እኔ፣ ሁላችንም እዚህ ቦታ ላይ ነው የወደቅነው። ሐኪሟ ግን አልወደቀችም። ወረቀት አውጥታ ነጥቦች ሣለች፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ቀስት አሰመረች፤ ቀስቶቹ እየዞሩ መጥተው ተገናኙ።

«ከዚህ በኋላ ይዞራል። ይሄ ያኛውን ያዝዛል፣ ያኛው ተመልሶ ይሄንኑ ያዝዛል። መጀመሪያ የተቀሰቀሰው በእናታችን ማኅፀን ሳለን ነው። ከዚያ ወዲህ እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው የሚኖሩት።»

እመት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ጣቷን በአንዱ ቀስት ላይ አስኬደችና ዞራ መጣች። በሌላው አስኬደችና ዞራ መጣች።

«እና የበላይ የላቸውም?»

«አንድ የበላይ የላቸውም።»

«አይጣሉም?»

«አይጣሉም። አንዳንዴ ግን ከመካከላቸው የአንዱ ጽሑፍ ሲወለድ ጀምሮ ስህተት ይኖረዋል። አዛዡ ይደክማል። ያኔ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን ባያቆምም ስኳር ሲመጣ በደንብ አይሰማም። እንዲህ ያለው ስኳር ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ፣ በወጣትነት፣ በቀጫጭን ሰዎች ላይ ይታያል። ብዙ ጊዜ ከሌላው ዓይነት ጋር ይምታታል።» ወደ ወፊት ተመለከተች። «ከነዚህ መካከል በትንሽ ክኒን ብቻ የሚኖሩ አሉ። መርፌ የማያስፈልጋቸው።»

ወፊት ወንበሯ ላይ ቀጥ አለች። የልጅቷ ፊት ላይ ያየሁትን ለመግለጽ ቃል አልፈልግም፤ ከመሬት እስከ ክሬኑ ጫፍ ያለውን ከፍታ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

«እናቴ ነበረባት» አለች እመት። «አጎቴም ነበረበት።»

«ያ ይጠቅመናል። ነገር ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ለመድረስ በአባት በኩል ማለፍ አለበት። ምርመራው ሩቅ አገር ነው የሚላከው፤ ያለ በቂ ምክንያት አይቀበሉኝም።» ሐኪሟ ወደ አናጺው ዞረች። «እርስዎ ስኳር አለብዎት?»

አናጺው ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዞረው። «እኔ? እኔ ብረት ነኝ።»

«ተመርምረው ያውቃሉ?»

«ብረት ምን ያደርግለታል ምርመራ?»

ሐኪሟ ደሙን ልትወስድ ብትለምነው ሥራ አለብኝ ብሎ ተነሣ። የዘሩ ሰንሰለት አባትየው ላይ ተበጠሰ። ወፊት ወደ በሯ ተመለሰች።

እመት ግን ወንድሟን አታውቀውም? አሳድጋዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወርክሾፑን ደጃፍ የሙጥኝ አለች። «ሽንት ቤት ስንት ጊዜ ነው የምትሄደው?» «እትዬ፣ በናትሽ፣ ደንበኛ አለ።» «ደንበኛው አይሄድም እንዴ?» ደንበኛው ቁም ሣጥኑን ሳያዝዝ ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግሩ የወለቀ ወንበሬን ይዤ እዚያ ሄድኩ። አናጺው ቀን የተቆረጠለት ሥራ ይዞት ምሳ እንኳ አልቀመሰም። እመት መጋዝ ትቢያው ላይ ጨርቅ አንጥፋ ተቀምጣ የተለመደውን ትጠይቃለች። በመሐል መልስ አጣች። ቀና ስንል ሰውየው ግንባሩ በላብ ርሷል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ምስማሩን ልመታ ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ ደግሞ አውራ ጣቱን መታ፤ አውራ ጣቱን መምታቱን ግን ያወቀ አይመስልም።

እመት እንዲህ ያለውን ላብ ወፊት ላይ አይታዋለች። ከሻይ ዕቃው አጠገብ ከነበረው ስኳር አፍሳ አፉ ውስጥ ጨመረችበት። «ዋጥ! ስኳርህ ወርዷል።»

«ስኳር የለብኝም» አለ ስኳሩን እያኘከ።

«የሌለብህ ነገር እንዴት ወረደ?»

አናጺው ነፍሱ ሲመለስለት ከሥራ ጠረጴዛው ሥር የምስማር ቆርቆሮ አወጣ። ምስማሮቹን ገፋ ሲያደርጋቸው ከሥር የክኒን ጠርሙስ ታየ። ጎረምሳ ሳለ ለሥራ በሄደበት ከተማ ሐኪም የሰጠው ነው። በየጊዜው ማንም ከማያውቀው መድኃኒት ቤት ይገዛል። ግማሽ ፍሬ ትበቃዋለች፤ አንዱን ሙሉ ከዋጠ ያዞረዋል።

«ይሄን ሁሉ ዘመን?» አለች እመት። «ልጅህ መርፌ ስትወጋ እያየህ?»

«የእሷ ሌላ ነው፣ የከፋ ነው አሉኛ። የእኔን ብናገር ለእሷ አይጠቅም፤ ታናናሾቿን ግን ማን ያገባቸዋል ብዬ…»

«አገባ አላገባ! ልጅቷ እኮ በር ላይ ቆማ እየጠወለገች ነው!»

«እትዬ!» አለ አናጺው። ተነሥቶ ቆመ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። «ቀለበቱን ሊያስመልሱ የመጡ ለት እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ጣትሽ አብጦ አልወልቅ ሲል በሳሙና ስታወጪው አይቻለሁ። ያን ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ። በኔ ቤት ይሄ አይደገምም አልኩ።»

ወንድሜ ሚስት ካደረጋት ጀምሮ ይህቺ ሴት ጥያቄ አጥታ ያየኋት በዚያ ቀን ነው፤ የሐኪሟን ወረቀት ካልቆጠርነው። የቀሚሷን ጫፍ ይዛ የወንድሟን ላብ ጠረገች፤ እንደ ሕፃን ልጅ፣ አንገቱ ሥር ሳይቀር። ከዚያ ክንዱን ይዛ አስነሣችው። «ና። ወፊት ከሥራ ተመልሳለች፤ አሁን እቤት ናት» አለችው። ወጡ። እኔ የተሰበረ ወንበሬን ይዤ ከመጋዝ ትቢያው ጋር ቀረሁ፤ እነሱ ቤት የተባለውን አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪሟ ሥራ ነው። የአባትና የልጅ ደም ተላከ፤ የአክስትም ጭምር፤ ጠብቀን ጠብቀን ውጤቱ መጣ። ኤች ኤን ኤፍ አንድ አልፋ በሚባለው አዛዥ ጽሑፍ ላይ ትንሽ ስህተት አለ፤ በአባትም፣ በልጅም፣ አንድ ዓይነት ስህተት። የወፊት ቆሽት አሁንም የራሱን ኢንሱሊን ይሠራል፤ የጎደለው ስኳር መምጣቱን ሰምቶ መልቀቁ ነው። ክኒኑ ከተበላሸው ቦታ አልፎ ሄዶ የመጨረሻውን በር ያንኳኳል አለች ሐኪሟ። ወፊት መርፌውን በሐኪም ዓይን ሥር ቀስ እያለች ቀነሰች፣ ከዚያም ተወችው። ክኒኑም ቢሆን ምሳ ካልተበላ እንደሚጥል አባቷ አስተምሯታል።

እመት ንጹሕ ሆና ተገኘች። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሷ ግን ሐኪሟን ያዘቻት።

«እኔን ለምን ዘለለኝ?»

«እናትዎ የዚህ አዛዥ ሁለት ጽሑፍ ነበራቸው፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ ስህተት ያለበት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንዱን ነው የሚሰጡት። ለእርስዎ ደህናው ደረሰ። ሳንቲም እንደመወርወር ነው።»

«ሳንቲሙንስ የወረወረው ማነው?»

«እማማ፣» አለች ሐኪሟ እርሳሱን ፀጉሯ ውስጥ እየሰካች፣ «ይሄ ከኔ ክፍል ውጭ ነው።»

የድርጅቱ ሐኪም ወራት አስጠብቆ፣ ደጋግሞ መርምሮ፣ በመጨረሻ ወፊት ክሬን መንዳት ትችላለች ብሎ ፈረመላት። ክሬኑ ላይ በወጣችበት ማለዳ ወንበሬን ወደ መስኮቱ መለስኩት። መሰላሉን ስትወጣ በየማረፊያው ቆም ትላለች፤ መድከሟ አልነበረም፣ ዙሪያውን እያየች ነው። ታች አጥሩ ላይ አንዲት ሴት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ፎርማኑን ትጠይቀዋለች። ሰውየው ሰዓቱን ያያል፣ ጫማውን ያያል፣ ሰማዩን ያያል። አዘንኩለት። ደግሞም ቀናሁበት።

አዎን፣ ቀናሁበት። ባለፈው ሰሞን እመት ሩቅ ከተማ ያሉትን ዘመዶቿን ተመርመሩ ለማለት ሄዳ ሰነበተች። ሰፈሩ ጸጥ አለ። ማንም ምንም አይጠይቅም፤ የተባለውን ሁሉ እሺ እያልን ሰነበትን። የአውቶቡሱ ፌርማታ ከነበረበት ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተተከለ፤ ሁላችንም ዝም ብለን ወደዚያ ሄደን ቆምን። መጽሐፌን ገልጬ ማንበብ ስጀምር እሷ የት ላይ ታቋርጠኝ ነበር እያልኩ አስባለሁ። አሁን እውነቱን ልናገር፦ ዕድሜዬን ሁሉ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ይልቅ ይህቺ ሴት ያቋረጠችኝ ቦታ ላይ ብዙ ተምሬያለሁ።

በተመለሰች ማግስት ሻይ ይዤላት ሄድኩ። የሟች አጎቷ ሴት ልጅ እመረመራለሁ ብላታለች፤ ሌሎቹ በር ዘግተውባታል፤ ደግማ ትሄዳለች። እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ታሻለች። ጊዜው ይህ ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ጠይቀሻል። ከሰማሽው ሁሉ ትልቁ የቱ ነው?»

ያችን የዞረች ቀስት ትነግረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ሻይዋን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ያን ቀን ወንድሜ ልጁ ፊት ተቀመጠና ሁሉን ነገራት። ክኒኑን፣ የደበቀበትን ዘመን፣ ሐኪሟ ፊት የዋሸውን ሳይቀር። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እሷን ብሆን ለምን፣ እንዴት፣ ከመቼ ጀምሮ እያልኩ ቆዳውን እገፈው ነበር። ልጅቷ ግን ፊቱን አየችው። ከንፈሩ ገና አመድ መስሏል። ‹አባዬ፣ ምሳ በልተሃል?› አለችው። ሌላ ምንም አላለችም፤ ተነሥታ ዳቦ ቆረሰችለት። ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠው ያ ጥያቄ ነው። እኔ ስንቱን ስጠይቅ ኖሬ፣ እሱን መጠየቅ አልመጣልኝም ነበር።»